አጎበሩ 5 ዶላር፣ ነፍስ ማትረፉ 5,500፦ የዕርዳታ ገንዘብ የት ቢሰጥ የበለጠ እንደሚሠራ እንዴት ይታወቃል?

ፀረ ትንኝ ኬሚካል ያለው አንድ የአልጋ አጎበር ተገዝቶ፣ በመርከብና በመኪና ተጓጉዞ፣ ቤት ለቤት ተቆጥሮ እስኪታደል ድረስ ወደ 5 ዶላር ይፈጃል። ከዚህ ተነስቶ «በ5 ዶላር የአንድ ሕፃን ሕይወት ይታደጉ» ብሎ መዋጮ የሚጠይቅ አይጠፋም። አባባሉ ግን ሰጪውን ያሳስታል። በ5 ዶላር የሚገኘው አጎበር ብቻ ነው። አብዛኞቹ ልጆች አጎበር ባይኖራቸውም በዚያ ዓመት በወባ አይሞቱም፤ አጎበር ካላቸውም መካከል የሚሞቱ አሉ። የሰጪው ገንዘብ የሚያተርፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉትን ልጆች ነው፤ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው።

የበጎ አድራጎት ሥራን በቁጥር የሚመረምረው ጊቭዌል የተባለው የአሜሪካ ተቋም በ2007 ተመሠረተ (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መሥራቾቹ ሆልደን ካርኖፍስኪና ኤሊ ሃሰንፌልድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ባልደረቦች ነበሩ። ሊሰጡ ያሰቡት ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ድርጅቶችን ጠይቀው የሚያጠግብ መልስ ሲያጡ ነው ምርመራውን ራሳቸው የጀመሩት። ተቋሙ በቅርብ ዓመታት ባወጣቸው ግምቶች፣ እጅግ ውጤታማ በሚላቸው ድርጅቶች በኩል አንድ ነፍስ ለማትረፍ በአማካይ ከ3,000 እስከ 5,500 ዶላር ያስፈልጋል። ከ5 ዶላር ተነስቶ እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደሚደረስ የገባው ሰው፣ ነገ ለሚቀርብለት ለማንኛውም የመዋጮ ጥያቄ መጠየቅ ያለበትን ያውቃል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው

አንድ ሰጪ 100,000 ዶላር አለው እንበል። ቁጥሮቹን ለማሳያ እንዲቀሉ አጠጋግተናቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ገምጋሚዎች የሚሄዱበት ነው። 100,000 ለ5 ሲካፈል 20,000 አጎበር ይሆናል። በስርጭት ዕቅድ አንድ አጎበር ለ1.8 ሰው ስለሚታሰብ 36,000 ሰው ይሸፈናል። ከ6 ሰው አንዱ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 6,000 ሕፃናት አሉ። አጎበሩ ሳይቀዳደድና ኬሚካሉ ሳይደክም ለ2 ዓመት በደንብ ይሠራል ብንል፣ 6,000 ልጆች በ2 ዓመት 12,000 «የልጅ ዓመት» ጥበቃ ያገኛሉ። አካባቢው ወባ የበረታበት ሆኖ አጎበር ባይኖር በዓመት ከ1,000 ልጆች 5 በወባ የሚሞቱ ከሆነ፣ በድምሩ 60 ሞት ይጠበቃል። አጎበሩን የማይሰቅለውንም ቤተሰብ አስበን ሞቱ በ40 በመቶ ይቀንሳል ብንል 24 ልጆች ይተርፋሉ። በመጨረሻ፣ እኛ ባንሰጥ ኖሮ ሩቡን ያህል አጎበር ሌላ ለጋሽ ይገዛው ነበር ብለን ሩቡን እንቀንስ፤ 18 ልጆች ይቀራሉ። 100,000 ለ18 ሲካፈል ወደ 5,550 ዶላር ይመጣል።

አሁን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቁጥር ብቻ እንለውጥ። በዓመት ከ1,000 ልጆች በወባ የሚሞቱት 5 ሳይሆኑ 1 ነው እንበል። አጎበሩ ያው፣ ዋጋው ያው፣ አከፋፋዩም ያው ነው። የሚጠበቀው ሞት ግን ከ60 ወደ 12 ይወርዳል፣ የሚተርፉት ልጆች ከ18 ወደ 3 ወይም 4 ይወርዳሉ፣ የአንዷ ነፍስ ወጪ ደግሞ ወደ 27,800 ዶላር ይወጣል። በአሠራሩ ማንም አላጠፋም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ብዙ ሰጪ ድርጅቱን ለመምረጥ ይደክማል፣ ድርጅቱ የት እንደሚሠራ ግን አይጠይቅም። ቁጥሩን ከሁሉ በላይ የሚያዛባው ግን ቦታው ነው።

ኢትዮጵያን ይዘን እንየው። አገሪቱ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ የወባ ወሰን ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። ከዚያ በላይ ባለ ደጋ አጎበር ማደል የሚያተርፈው ነፍስ ጥቂት ነው። ከወሰኑ በታችም ቢሆን የበሽታው ዓይነት ይለያያል፤ በኢትዮጵያ ዋነኛው ገዳይ ከሆነው ፋልሲፓረም ከተባለው የወባ ዓይነት ጎን ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በብዛት አለ፣ እሱም ሰውን ደጋግሞ ይጥላል እንጂ የመግደል ኃይሉ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል። የተመዘገበ ሞት ከእውነተኛው ማነሱ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ በዓለም በዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በወባ ሲሞት ከ4 አንዱ በላይ ናይጄሪያ ውስጥ መሆኑን የሚያይ ገምጋሚ፣ የአጎበር ገንዘቡን ወደዚያ ቢልክ አይገርምም። ጋምቤላ ላይ አጎበር አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ስሌቱ የሚነግረን ቀጣዩ ዶላር የት የበለጠ እንደሚሠራ ነው።

ከቁጥሮቹ ጀርባ

የአጎበር ጥቅም በግምት የተቀመጠ አይደለም። በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ ኬሚካል ያለው አጎበር በወባ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ምክንያት የሚደርሰውን የሕፃናት ሞት በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እነዚህ ጥናቶች በዕጣ የተሠሩ ናቸው። መንደሮች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፣ አንዱ ወገን አጎበር ይሰጠዋል፣ ሌላው ለጊዜው ይቆያል፣ ከዚያ ልዩነቱ ይቆጠራል። ዕጣው ያስፈለገው፣ ያለ ዕጣ ሲሆን አጎበር የሚደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ መንገድና ጤና ኬላ ያላቸው መንደሮች ስለሆኑ ነው። ልጆቻቸው በደኅና ቢያድጉ አጎበሩ ይሁን መንገዱ አይለይም።

ጥናቶቹ ከተሠሩ ወዲህ ግን ትንኞች ኬሚካሉን እየለመዱት መጥተዋል። ስለዚህ ገምጋሚው ያንን 17 በመቶ እንዳለ አይወስደውም፤ በየአካባቢው ያለውን የትንኝ መለማመድ አይቶ ይቀንሰዋል፣ ወይም ሁለተኛ ኬሚካል የተጨመረበትን፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ያለውን አጎበር ይመርጣል። ከስርጭቱ ወራት በኋላም ቆጣሪዎች በናሙና የተመረጡ ቤቶች ገብተው አጎበሩ መሰቀሉን፣ ስንት ቀዳዳ እንዳለው፣ ትናንት ማታ ማን እንደተኛበት ይመዘግባሉ። ይህን ቆጠራ የማያደርግ ድርጅት ስንት አጎበር እንዳወረደ ሊነግርዎት ይችላል፤ ስንት ልጅ እንደተኛበት ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ አስተሳሰብ አለ፦ «በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም፣ ትንሽ ይክፈሉበት።» ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህንኑ በምዕራብ ኬንያ፣ ነፍሰ ጡሮች ክትትል በሚያደርጉባቸው ክሊኒኮች ፈተኑት፤ ውጤቱንም በ2010 አሳተሙ። የአጎበሩ ዋጋ ከነፃ ወደ 60 ሳንቲም ዶላር ሲወጣ የሚወስዱት እናቶች ድርሻ በ60 የመቶኛ ነጥብ ወረደ። ከፍለው የወሰዱት ደግሞ በነፃ ከወሰዱት በላይ አልተጠቀሙበትም። ለቁም ነገር የታሰበችው ትንሽ ክፍያ ከበር የመለሰችው ድሃዋን እናት ነበር።

ያለ እኔ ገንዘብስ?

ከላይ ሩቡን የቀነስንበት ምክንያት ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ሰጪው የሚገዛው ሥራውን ሁሉ አይደለም፤ ገንዘቡ በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወባን ለመዋጋት ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ ለአንድ ወረዳ አጎበር ሊልክ በዕቅዱ ይዞ ሳለ እኛ ብንቀድመው፣ አጎበሮቻችን ይታደላሉ፣ ፎቶውም ይነሳል፤ የእሱ ገንዘብ ግን ወደ ሌላ ይዞራል። የዞረው ገንዘብ ጥሩ ቦታ ቢያርፍ እሰየው፤ ባያርፍ እኛ የሰጠነው ለዚያ ለሌላው ነው።

የክትባት ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በድሃ አገሮች የክትባቱን መድኃኒት በአመዛኙ ጋቪ የተባለው ጥምረት ይሸፍነዋል። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ደርሶ በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ እናቶች ግን የትራንስፖርት ገንዘብ እያጡና የቀን ሥራ እየያዛቸው አይመጡም። እዚያ ክትባት መግዛት ማነቆውን አይፈታም። ኒው ኢንሴንቲቭስ የተባለው ድርጅት ልጇን ላስከተበች እናት በየቀጠሮው ጥቂት ጥሬ ገንዘብ መስጠት ጀመረ፤ በዕጣ በተሠራ ገለልተኛ ጥናትም የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ማነቆው የት እንዳለ ሳይጠይቁ መስጠት፣ የተዘጋው ቱቦ እያለ በርሜሉን መሙላት ነው።

ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚያዋጡ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው እዚያም ያው ነው። የመምህራኑን ደመወዝ ማን ይከፍላል? የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በበጀት ይዞታል ወይ? በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ሌላ ትምህርት ቤት ካለና ልጆቹ የቀሩት በእረኝነት ወይም በውኃ መቅዳት ምክንያት ከሆነ፣ አዲሱ ሕንፃ የሚያገኘው ከጎረቤት የሚዛወሩ ተማሪዎችን ነው።

ቀጣዩ ዶላር የሚሠራው ነገር አለ ወይ የሚለውም ከዚሁ ይከተላል። በታኅሣሥ 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከደረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሱናሚው በቂ ገንዘብ እንዳገኘና ለዚያ መቀበል እንዳቆመ አስታወቀ፣ የሰጡትንም ሰዎች ወደ ሌሎች ቀውሶች እንዲያዞርላቸው ጠየቀ። በጊዜው ብዙዎችን አስቆጥቷል። ትክክል ነበር። የዜና ካሜራ ባለበት ገንዘብ ይትረፈረፋል፤ ካሜራው በሌለበት ተመሳሳይ ረሀብ ሰው ይገድላል።

መልሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታውን አገደ፣ በዚያው ዓመት ዩኤስኤአይዲን ዘጋ። ኢትዮጵያ ከድርጅቱ ብዙ ገንዘብ ከሚያገኙት የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች። «ይህን ሌላ ለጋሽ ይሸፍነዋል» ተብሎ ሲቀነስ የነበረው ድርሻ በብዙ ቦታ ባዶ ሆነ። በ2024 የተሠራ የዕርዳታ ስሌት ይዞ ዛሬ የሚመጣ ድርጅት ካለ እንደገና ይሥራው።

ያማረው ሐሳብ ሲወድቅ

በደቡብ አፍሪካ የተፈለሰፈው ፕሌይፓምፕ ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ውኃ የሚስብ መሣሪያ ነው። ፎቶው ልብ ይማርካል። በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና የግል ለጋሾች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡለት፤ በ2010 4,000 መሣሪያ ለመትከልም ታቀደ። መሣሪያው ከተለመደው የእጅ ፓምፕ በብዙ እጥፍ ይወደድ ነበር፣ ሲሰበርም የመንደሩ ሰው ሊጠግነው አልቻለም። ልጆቹ ትምህርት ላይ ሲሆኑ ወይም መጫወት ሲሰለቻቸው ሴቶች በእጃቸው ማሽከርከር ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ከእጅ ፓምፕ ይበልጥ አድካሚ ነው። የታሰበውን ያህል ሰው ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት እንዳለባቸውም ተሰላ። የማስፋፋቱ ዕቅድ በ2010 ገደማ ቆመ። ሐሳቡ ከመስፋቱ በፊት በ10 መንደር ተተክሎ ከእጅ ፓምፕ ጋር ቢወዳደር ኖሮ ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ይታይ ነበር።

ተፈትኖ የሠራም ቢሆን ሲሰፋ ሊከሽፍ ይችላል። በሰሜን ባንግላዴሽ እንደኛ ሐምሌና ነሐሴ እህል የሚያልቅበት ወቅት አለ። ኤቪደንስ አክሽን የተባለ ድርጅት ለአውቶቡስ ቲኬት የሚሆን ትንሽ ብድር እየሰጠ ከየቤቱ አንድ ሰው ከተማ ሄዶ እንዲሠራ ያበረታታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ቤተሰቡ የተሻለ እንደሚበላ አሳዩ። በሰፊው ተሠርቶ እንደገና ሲመረመር ግን ለውጥ አልታየም። ጊቭዌል በ2018 ከምርጦቹ ዝርዝር አወጣው፣ ድርጅቱም በ2019 ሥራውን ዘጋ፤ ምክንያቱንም ለሕዝብ ጽፎ አሳወቀ። ይህን ማድረግ የሚደፍር ድርጅት ከማይወድቅ ድርጅት ይበልጥ ሊታመን ይገባል ብለን እናምናለን፤ የማይወድቅ ድርጅት የሚባለው በአብዛኛው ያልተመረመረ ነውና።

በእርግጠኝነትና በጥርጣሬ መካከል የሚቀሩም አሉ። የአንጀት ትላትል መድኃኒት ለተማሪዎች ማደል ለአንድ ልጅ በዓመት ከ1 ዶላር በታች ይፈጃል። ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር በኬንያ ቡሲያ በ75 ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት በ2004 ሲወጣ ከትምህርት ገበታ መቅረት በሩብ መቀነሱን ዘገበ። ክሬመር በኋላ በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ማስረጃዎቹን በአንድ ላይ ሲመዝኑ ጥቅሙ ይህን ያህል እንዳልሆነ ተከራከሩ። እንዲህ ሲሆን ገምጋሚው ጥቅሙን በዕድሉ ያባዛል። አንድ ነገር የመሥራት ዕድሉ ከ10 አንድ ብቻ ቢሆንም፣ ከሠራ ጥቅሙ ከወጪው 100 እጥፍ ከሆነ፣ በአማካይ 10 እጥፍ ይመልሳል። አንዳንዱ ሰጪ ይህን ዕጣ ይቀበላል፣ አንዳንዱ እርግጠኛውን ይመርጣል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ የትኛውን እንደመረጡ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ዓይነ ስውሩና ውሻው

ስለ ውጤታማ ልግስና ሲነገር በተደጋጋሚ የሚነሳ ንጽጽር አለ። በአሜሪካ ለአንድ ዓይነ ስውር መሪ ውሻ ለማሠልጠን እስከ 50,000 ዶላር ይወጣል፤ በዚያ ገንዘብ በድሃ አገር ከ1,000 በላይ ሰዎችን በትራኮማ ቀዶ ሕክምና ከመታወር ማዳን ይቻላል ይባላል። ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዓለም ትራኮማ ከበረታባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚ ናት፣ ከኢትዮጵያም አማራ ክልል።

የንጽጽሩ አቅጣጫ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ግን የአጎበሩን ስህተት ይደግመዋል። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲቧጭር ነው። ሕመሙን ያስቆማል፣ ጉዳቱ እንዳይብስም ያግዛል፤ የጠፋ ብርሃን ግን አይመልስም። ቆቡ የታጠፈበት ሰው ሁሉ አይታወርም፣ ከታከሙትም የሚመለስባቸው አሉ። በተጨማሪ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ በሚሰላበት ጊዜ ታማሚውን ለማግኘት ጎጥ ለጎጥ የሚዞረው ሰው ወጪ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ታማሚዎቹ እያነሱ ሲመጡ ደግሞ አንዷን ቀሪ እናት ማግኘት ከሕክምናው ራሱ ሊወደድ ይችላል። በሽታው እንዳይዛመት የሚታደለውን መድኃኒት ዚትሮማክስን ደግሞ አምራቹ ፋይዘር በነፃ ስለሚሰጥ፣ በዚያ በኩል የሰጪው ገንዘብ የሚውለው ለማጓጓዝና ለማደል ነው። ይህ ሁሉ ተቀናንሶም ሥራው እጅግ የሚያስመሰግን ሆኖ ይቀራል፤ በየቀኑ ዓይኗን የሚወጋት እናት ሕመም ብቻውን ይበቃል።

የተለያዩ ነገሮችን ማወዳደር ካልቀረ መለኪያ ያስፈልጋል። የጤና ባለሙያዎች በሞት ያለፉ ዓመታትንና በሕመም የተጎዱ ዓመታትን አንድ ላይ ይደምራሉ። የአንድ ልጅ ነፍስ ከስንት ቤተሰብ ገቢ መጨመር ጋር ይመዛዘናል የሚለውን ግን የትኛውም ጥናት አይመልሰውም፤ የሰው ፍርድ ነው። ጊቭዌል በኬንያና በጋና ያሉ ድሃ ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲጠየቁ አድርጓል፤ መልሳቸው ለትንንሽ ሕፃናት ነፍስ ከፍ ያለ ክብደት የሚሰጥ ነበር። የራሱ ክብደት ያለው ሰጪ ሌላ ድርጅት ቢመርጥ አልተሳሳተም።

ጥሬ ገንዘብ በቀጥታ መስጠትም እንደ መነሻ መለኪያ ያገለግላል። ጊቭ ዳይሬክትሊ በምዕራብ ኬንያ በስልክ ለየቤተሰቡ ወደ 1,000 ዶላር ሲሰጥ፣ በ653 መንደሮች የተደረገ ጥናት ገንዘቡ ላልተሰጣቸውም ጎረቤቶች በገበያ በኩል እንደተረፈ አሳይቷል። ጊቭዌልም በ2024 የቀድሞ ግምቱን አርሞ የጥሬ ገንዘብን ጥቅም ከ3 እስከ 4 እጥፍ ከፍ አደረገው። «ይህ ፕሮጀክት ገንዘቡን ለሰዎቹ በእጃቸው ከመስጠት ይሻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ፕሮጀክት ያስጥላል።

የአስተዳደር ወጪ ምን ይነግረናል?

ብዙ ሰው ድርጅትን የሚመዝነው «ከ100 ብር ስንቱ ተረጂው ጋ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ይህን አስተሳሰብ በሕግ ሞክራዋለች። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም. ሥር ማንኛውም ድርጅት ከበጀቱ ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጣ ታዘዘ፤ መመሪያው ደግሞ ትራንስፖርትን፣ ሥልጠናንና ክትትልን ሳይቀር አስተዳደር ብሎ ቆጠረ። ውጤቱ የሚጠበቅ ነበር። ሥራቸው ማሠልጠንና መከታተል የሆነ ድርጅቶች ተጎዱ፣ ዕቃ ማደል ግን ወረቀት ላይ አማረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ፣ ለፕሮጀክቱ ሥራ በቀጥታ የሚውለውን ከአስተዳደር ለየ። ከላይ ያየነው አጎበር ቆጣሪ ደመወዝ፣ መኪናና ነዳጅ ይፈልጋል። እሱን ያስወገደ ድርጅት ወጪው ዝቅ ይላል፣ አጎበሩ የት እንደገባ ግን አያውቅም። የአስተዳደር ወጪ የሚጠቅመው ዝርፊያን ለመጠርጠር ነው፤ 60 በመቶ ከሆነ ይጠይቁ። በ8 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት ስለ ሥራው ምንም አይነግርዎትም።

ኮንቴይነር ከመሙላት በፊት

ዕቃ መላክ ብዙ ጊዜ ከልብ የመነጨ ነው፤ ስለዚህ ነው ጉዳቱን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው። በ1989 በኤርትራ ጦርነት መካከል ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን በ7 የጭነት መኪና መጥቶ ለማቃጠል 6 ወር ፈጀ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ካሉ ገጠመኞች በመነሳት በ1996 ባወጣው መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው እንደሚገባ ደነገገ። ያገለገለ የሕክምና መሣሪያም እንዲሁ ነው። በ16 ድሃ አገሮች ከ112,000 በላይ መሣሪያዎች ተቆጥረው 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ ተገኝተዋል፤ ምክንያቶቹ የባለሙያ ሥልጠና ማጣት፣ የአያያዝና የጥገና ሥርዓት አለመኖርና እንደ መብራት ያለ መሠረተ ልማት ናቸው። ሆስፒታሉ በስም ጠርቶ፣ ሞዴሉን ጽፎ፣ ማን እንደሚጠግነው ገልጾ ያልጠየቀውን መሣሪያ አይላኩ። ለኮንቴይነር ማጓጓዣና ለጉምሩክ የሚወጣው ገንዘብ ራሱ እዚያው አገር ውስጥ ምን ሊገዛ እንደሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ማኅበር በ12,000 ዶላር

ለእናት፣ ለአባት፣ ለታመመ ወንድም የሚላከው ገንዘብ እዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም። ያ ግዴታ ነው፣ ከሌላ ኪስ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ለማናውቀው ሰው ስለምንሰጠው ነው።

40 አባላት በወር 25 ዶላር ቢያዋጡ በዓመት 12,000 ዶላር ይሆናል። አገሩን ካልገደቡት ስመ ጥር ከሆኑት መካከል አንዱን መርጦ በሙሉ መስጠት ቀላሉ መንገድ ነው፤ አጎበር፣ በዝናብ ወራት ለሕፃናት የሚሰጥ የወባ መከላከያ መድኃኒት፣ በዓመት ሁለቴ የሚሰጥ ቫይታሚን ኤ። ለ10 ድርጅቶች 1,200 እየሰጡ መበተን ግን ምርመራውን 10 ጊዜ ያበዛል ወይም ጨርሶ ያስቀራል።

ገንዘቡ ኢትዮጵያ ይግባ ከተባለ ሥራው ይበዛል። መጀመሪያ ዓላማው ሊቆጠር በሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ጤናን ማሻሻል» አይቆጠርም፣ «በዚህ ወረዳ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የ8 ሳምንት ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ» ይቆጠራል። ከዚያ የአንዱ ዋጋ ይጠየቅ። ለአንድ ሕፃን ሙሉ ሕክምና ፕላምፒ ነት ከተባለው የተዘጋጀ የኦቾሎኒ ምግብ ወደ 150 ፓኬት ያስፈልጋል፤ ፓኬቱን ሌላ አካል ያቀርብ እንደሆነ፣ የጎደለው የሠራተኛ አበል ወይም መኪና እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። በጀቱ በብር ከሆነ ቀኑ ይታይ፤ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት የተሠራ በጀት በዶላር ሲመነዘር ሌላ ነገር ነው።

ሕጋዊነትም ይጣራ። ኢትዮጵያ ያለው ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን የምስክር ወረቀቱ ያሳያል። አሜሪካ ያለው ፎርም 990 የተባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ለሚጠይቅ ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ ቤተ ክርስቲያናት ግን ይህን እንዲያቀርቡ አይገደዱም፣ ስለዚህ በእነሱ በኩል ሲሰጥ ሒሳቡን በቀጥታ መጠየቅ ነው። በእንግሊዝ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ጊፍት ኤይድ የተባለውን ቅጽ ቢሞላ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ሳንቲም ይጨምራል። በእስራኤል በአንቀጽ 46 ለተፈቀደለት ተቋም የተሰጠ ገንዘብ 35 በመቶው ከግብር ይታሰባል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግን ፈቃድ የሌለው ግለሰብ መዋጮ ማሰባሰብ የተከለከለ ነው፤ ለታመመች እህት በዋትስአፕ ገንዘብ መሰብሰብም ያስጠይቃል። አሠሪዎ የሰጡትን ያህል የሚጨምር እንደሆነም ይጠይቁ፤ ብዙ የአሜሪካ ድርጅቶች ይጨምራሉ፣ ብዙ ሠራተኛም ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

ገንዘቡ በአንዴ አይላክ። መጀመሪያ 3,000 ዶላር ይሄዳል። ከ4 ወር በኋላ ሪፖርቱ ስንት ሕፃናት እንደገቡ፣ ስንቱ እንደጨረሱ፣ ስንቱ እንዳቋረጡና ለምን፣ ስንቱ እንደሞቱ ይዞ ይመጣል። ያቋረጡትንና የሞቱትን የደበቀ ሪፖርት፣ ወይም ፎቶግራፍ ብቻ የያዘ ሪፖርት ከመጣ፣ ቀሪው 9,000 ዶላር ቁጥሩ እስኪመጣ ባንክ ይቆያል።